ግማሽ ቅጠል

ቀይ ሄልሜት ያደረገው ሞተረኛ ለሁለተኛ ጊዜ አለፈ።

ካዪዚ ቀና ብሎ አላየውም። ብስክሌቱን ሮሌክስ የሚሉትን የእንቁላል ጥቅልል ከሚሸጠው ሰው ዣንጥላ አጠገብ አስደግፎ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ እንቁላሉ የጋለው ብረት ላይ ሲፈስ ይመለከት ነበር። ቀትር ነው። የማሳካው ኜንዶ ገበያ ሰውና ሙዝ ተደባልቆ የሚተራመስበት ሰዓት። ብስክሌቱ ላይ የታሰሩት አራት የማቶኬ፣ ተቀቅሎ የሚበላው አረንጓዴ ሙዝ፣ ዘለላዎች ከተቆረጡበት ቦታ ሙጫ ያንጠባጥባሉ።

«ሽንኩርት ላብዛልህ?» አለ ሻጩ።

«አብዛው። ቲማቲሙንም አትሰስት፤ ባለፈው በመነጽር ነው የፈለግሁት።»

«ቲማቲም ዘንድሮ እንደ አማት ነው ወንድሜ፤ ከሩቅ ነው የሚከበረው!»

ዙሪያውን የነበሩት ሳቁ። ካዪዚም ሳቀ። ሻጩ እንቁላሉን በቻፓቲው ቂጣ ጠቅልሎ፣ በቁራጭ ጋዜጣ አድርጎ ሰጠው። በዚያው ቅጽበት ጥቁር ዣንጥላ የያዙ ሽማግሌ አጠገቡ ተቀመጡ።

«ዘንድሮ ፌንጣው ዘገየ» አሉ፣ ለማንም እንዳልሆነ።

«ዝናቡ ነው ያዘገየው።»

የይለፍ ቃሉ ይኸው ነበር።

ሽማግሌው ዶክተር ካቱምባ ናቸው። በሩ ላይ ስም ያልተጻፈበት የአንድ ቢሮ ኃላፊ፤ የቢሮው ሥራ የተክል በሽታ ድንበር ተሻግሮ እንዳይገባ መከታተል ነው። የምስጢር ስማቸው «ደወል» ይባላል። ካዪዚም እውነተኛ ስሙ ካዪዚ አይደለም። በቢሮው መዝገብ «አባ ኮዳ» ነው፤ በከተማው ቆሻሻ ላይ ቆሞ የሚውለው፣ ሁሉም የሚያየው፣ ማንም ግን ልብ የማይለው ወፍ።

«አገኘኸው?» አሉ ካቱምባ ከንፈራቸው ሳይንቀሳቀስ።

«ዛሬ ጠዋት። ከሦስተኛው የላስቲክ ቤት፣ ከራሱ ከእናት ተክሉ።»

«ዘበኛው?»

«ሻይ ላይ ነበር።»

«ምልክቱስ?»

«ቅጠሉ አልተዘረጋም። ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ አናቱ ላይ እንደ ነዶ ታስሯል። በአከርካሪው ላይ ጥቁር አረንጓዴ ነጥብና ሰረዝ አለ።»

ሽማግሌው በቀስታ ነቀነቁ። ገበሬው ይህን በሽታ «እስሩ» ይለዋል። የያዘው ሙዝ ፍሬ አይሰጥም። መድኃኒትም የለውም። ጥቁር ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ከቅጠል ቅጠል፣ ሰው ደግሞ ቡቃያውን ይዞ ከማሳ ማሳ ያዛምተዋል። «አረንጓዴው ዘለላ» የሚባለው የችግኝ ጣቢያ በመጪው ቅዳሜ አርባ ሺህ ችግኝ ለአውራጃው ገበሬ ሊያድል ነው። እናት ተክሎቹ ከሩቅ አገር ያለ ምርመራ በድብቅ ገብተዋል የሚል ወሬ አለ። ወሬ ግን ጣቢያ አያዘጋም። ጣቢያ የሚያዘጋው ቅጠሉ ውስጥ ያለው የቫይረሱ ዘር ሲነበብ ነው። ዘሩ የሩቅ አገር ከሆነ ጥፋቱ የጣቢያው ይሆናል። ከጎረቤት ድንበር የመጣው የተለመደው ከሆነ ግን የገበሬው ጥፋት ይባላል፤ የሚቆረጠውም የገበሬው ማሳ ነው።

«ሁሉም እዚህ ነው?» አሉ ካቱምባ።

«ሁሉም።»

ዋሸ።

ቅጠሉን በአከርካሪው ለሁለት ሰንጥቆት ነበር። ግማሹን ሮሌክሱን ሲቀበል ጋዜጣው ውስጥ ሸሽጎታል። ግማሹ ደግሞ እንዲደርቅ ከተቆላ ሩዝ ጋር ቆርቆሮ ውስጥ ተኝቶ፣ ከብስክሌቱ ኮርቻ ሥር ታስሯል። ግማሹ ለአለቃ፣ ግማሹ ለክፉ ቀን። ይህን ያስተማሩት ራሳቸው ካቱምባ ነበሩ። አለቃውን ጠርጥሮ አልነበረም ያደረገው፤ ልማድ ነው።

ሮሌክሱን ጨርሶ ጋዜጣውን ጨመደደና አግዳሚው ላይ ተወው። ሽማግሌው ዣንጥላቸውን አስቀመጡበት። ሲነሱ ጋዜጣው አልነበረም።

ሞተሩ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ።

በዚህ ጊዜ ቆመ።

ካዪዚ ብስክሌቱን አንስቶ፣ ሳይጣደፍ፣ ከሙዝ ጫኞቹ መሀል ገባ።

*

«አንተ ሌባ! ምሳ በልተህ ነው የመጣኸው፤ አፍህ እንቁላል እንቁላል ይላል!»

መንደሩ ሁሉ «ጃጃ»፣ አያት፣ የሚላቸው ናምዋንጄ በረንዳው ላይ ምንጣፋቸውን ዘርግተው ማቶኬ ይልጣሉ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ቢላዋው እጃቸው ላይ ሲሮጥ ግን የሃያ ዓመት ኮረዳ ይመስላሉ።

«ምሳ አይባልም ጃጃ፤ ምራቅ ማርጠቢያ ነው።»

«አዬ! ኜንዶ ላይ የምትጠብስልህ ማን ናት? ንገረኝና ሄጄ ልያት።»

«ጢም ያለው ወንድ ነው።»

«ዘመኑ ከፍቷል!» ብለው ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ።

ከስምንት ወር በፊት ነበር በራቸውን ያንኳኳው። ይህን ቤት የመረጠው ቢሮው ነው፤ የማሳቸው አጥር ከችግኝ ጣቢያው አጥር ጋር ይዋሰናልና። ጎሳውንም የመረጠለት ቢሮው ነው። የአገሩ ሕዝብ፣ ባጋንዳ፣ ሲተዋወቅ ከስም ቀጥሎ ጎሳ ይጠይቃል፤ የሟቹ ባላቸው ጎሳ ፌንጣ ነበር። ካዪዚም የፌንጣ ጎሳ ልጅ ሆኖ መጣ። ስለዚህ ጃጃ «ልጄ» አሉት። ስለዚህ ጎሳው የተሰየመበትን ፍጡር የማይበላ ሰው ሆኖ፣ ፌንጣው በወረደ ወቅት መንደሩ ሁሉ ጠብሶ ሲቆረጥም ምራቁን ውጦ ተቀመጠ። በልጅነቱ ከዚያ የሚጥመው ነገር አልነበረም።

ባላቸውን የቀበሩት እዚሁ ማሳ ውስጥ ነው። አንድ ልጃቸውን ሰሙጁንም አጠገቡ። ሰሙጁ በሃያ ስድስት ዓመቱ፣ ሰውን የሚያመነምነው ያ በሽታ የማሳካን ጎልማሶች በጨረሰበት ጊዜ ሞተ። ሲወለድ የእንግዴ ልጁን የቀበሩበት ሙዝ ግን አልሞተም። ሙዝ አይሞትም፤ እናቲቱ አፍርታ ስትወድቅ ልጅ ከሥሯ ይነሳል። ያን ሙዝ «መንታው» ይሉታል። የሰው መንታ። ጃጃ ጠዋት ጠዋት ሲያልፉ በእጃቸው ይነኩታል።

«ያመጣሁልዎት ሙዝ እንዴት ነው?» አለ ካዪዚ፣ ወሬ ለመቀየር።

በመጣ ዕለት ቡቃያ ይዞላቸው ነበር። ባዶ እጅ ሰው ቤት አይገባም፤ ቡቃያም ዋጋ አይቆረጥለትም። እሳቸው ተንበርክከው ተቀብለው፣ በክብር ቦታ፣ ከመንታው ጎን ተክለውታል። ከዚያ ወዲህ አላየውም። የሙዝ ማሳ የሴት ግዛት ነው፤ ወንድ ካልተጠራ አይገባም። የሚሸጠውንም ዘለላ እሳቸው ቆርጠው በር ላይ ያስቀምጡለታል።

«ደህና ነው» አሉ ጃጃ፣ ከልጣጩ ቀና ሳይሉ። «ምን ይሆናል ብለህ? ያደገ ልጅ በየቀኑ አይጎበኝም። ና ይልቅ በር ላይ ያኖርኩትን ቅጠል አቀብለኝና ልጠቅልለው።»

*

ረቡዕ ጠዋት አንድ ፒካፕ መጣ። አምስት ሰዎች ወረዱ። ሁለቱ ገጀራ፣ አንዱ የቀይ ቀለም ባልዲ ይዘዋል።

አለቃቸው ወረቀት ዘረጋና በጮኸ ድምፅ አነበበ። በተደረገው የላቦራቶሪ ምርመራ «አረንጓዴው ዘለላ» ከበሽታ ነፃ መሆኑ ተረጋግጧል። የበሽታው ምንጭ በአጥሩ ግርጌ ያለው የወይዘሮ ናምዋንጄ ማሳ ነው። የዚህ ማሳና የሠላሳ ሁለት ጎረቤቶቻቸው ሙዝ እስከ እሑድ ይቆረጣል። ገበሬዎቹ በምትኩ ችግኝ ከጣቢያው መውሰድ ይችላሉ።

«ምንጭ?» አሉ ጃጃ። «እኔ?»

«ወረቀቱ ነው ያለው እማማ።»

«ወረቀቱን ማን ወለደው?»

ቀለም የያዘው ማሳው ውስጥ ገብቶ ግንዶቹን ማስመር ጀመረ። ካዪዚ ማንም ሳይጠራው ተከተለው። ከመንታው ጎን ሲደርስ ቆመ።

የሱ ሙዝ።

ቁመቱ ከወገቡ አያልፍም። የታችኞቹ ቅጠሎች በቢላዋ ተቆርጠዋል። አዲሱ ቅጠል ጠባብ ነው፤ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አናቱ ታስሯል።

ከዚያ ልምዱ ደረሰለት። ወደ አለቃው ተመልሶ «ጌታዬ፣ ማንበብ የምችለው እኔ ነኝ፤ ለአሮጊቷ ላስረዳቸው» አለና ወረቀቱን ተቀበለ። ጽሑፉን አላነበበም። ዓይኑ የሄደው ከፊርማው ሥር ነው።

ትዕዛዙ የተፈረመው ሰኞ ነው።

ቅጠሉን ያስረከበውም ሰኞ ቀትር ላይ ነው። ምርመራው በትንሹ አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል።

ማንም ምንም አልመረመረም።

ወረቀቱን አጥፎ መለሰ። «ገባኝ ጌታዬ» አለ። ድምፁ የታዛዥ ድምፅ ነበር፤ በኋላ በዚህ ራሱን ጠላ።

*

ከሱ ሙዝ አንድ ቅጠል ቆረጠ። ከመንታው አንድ። ከጎረቤት ማሳ አንድ። እንደ ወትሮው አራት ዘለላ ጭኖ በዋናው መንገድ ቁልቁል ወረደ።

ቀይ ሄልሜቱ ከወፍጮ ቤቱ ጥግ ተነሳ።

ካዪዚ ፔዳሉን ረገጠ። ቁልቁለቱ ላይ ብስክሌት ከሞተር እኩል ይሮጣል፤ ለጥቂት ጊዜ ብቻ። የሞተሩ ድምፅ ቀረበ።

ቀረበ።

ሰውየው አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ ወደ ኮርቻው ሰደደ። የሚፈልገው ምን እንደሆነ ታወቀ። ስለ ቆርቆሮው የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ሊጠረጥር የሚችለው ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያስተማረው ሰው።

ካዪዚ ቢላዋውን መዘዘና የዘለላዎቹን ገመድ በጠሰ።

አራቱ ዘለላዎች አስፋልቱ ላይ ተንከባለሉ። ከኋላው ብረት ሲፋጭ፣ ከዚያ ሰው ሲራገም ሰማ። ዞር አላለም። ታች ሲደርስ ብስክሌቱን ቦይ ውስጥ ጣለ፤ ቆርቆሮውን ብብቱ ሥር ይዞ ዓሣ በጫነ መኪና ላይ ተሳፈረ።

*

ላቦራቶሪው በሐይቁ ዳር ያለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ቱሙሲሜ ከምዕራብ ኮረብቶች የመጣች፣ ከሰው ጋር ከምታወራ ከማሽን ጋር ማውራት የሚቀላት ሴት ናት። ከካዪዚ ጋር ዩኒቨርሲቲ አብረው ተምረዋል። እውነተኛ ስሙን ከሚያውቁት ሦስት ሰዎች አንዷ ናት፤ ግን አልጠራችውም።

«ዓሣ ዓሣ ትሸታለህ» አለችው።

«እንደምን ዋልክ ማለት ቀረ?»

«ዓሣን እንደምን ዋልክ አልልም። ምን አመጣህ?»

አራቱን ቅጠሎች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ከእያንዳንዱ ትንሽ ቆርጣ ፈጨች፣ ከፈሳሽ ጋር ጠብታ ጠብታ በየቱቦው አደረገች፣ ማሽኑን ዘጋች። ማሽኑ ቫይረሱ ካለ እየደጋገመ ያባዛዋል፤ ለዓይን እስኪበቃ። ከሁለት ሰዓት በኋላ አራቱም አዎ አሉ። ከዚያ የማንበቡ ሥራ ቀጠለ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወደ ስክሪኑ ጠራችው። ሁለት ትልልቅ ቅርንጫፍ ያለው ዛፍ ተስሏል።

«በእናንተ አገር ሰው ሲተዋወቅ ጎሳውን፣ አባቱን፣ አያቱን ይቆጥራል አይደል? ቫይረስም እንደዚያው ነው። በተላለፈ ቁጥር ከፊደሎቹ አንዱን ይሳሳታል። ስህተቱን ወደ ኋላ ከቆጠርክ አባቱን ታገኛለህ።» ጣቷን በግራው ቅርንጫፍ ላይ አደረገች። «በአፍሪካ ያለው ሁሉ እዚህ ነው። ያንተ አራቱ ግን...» ጣቷ ወደ ቀኝ ተሻገረ። «እዚህ ናቸው። የሩቅ ምሥራቅ ወገን። በእግሩ አልመጣም፤ በነፋስም አልመጣም። ሰው በአውሮፕላን ነው ያመጣው።»

«ስለዚህ ጣቢያው ነው።»

«ጣቢያው ነው። የጎረቤቱ ቅጠል ሁለት ፊደል ተሳስቷል። ይሄ፣ መንታ ብለህ የጻፍክበት፣ አንድ። ይሄኛው ግን ከጣቢያው እናት ተክል ጋር አንድም ልዩነት የለውም። በቀጥታ ከዚያ የተወሰደ ቡቃያ ነው። መንደሩ ውስጥ የገባው በሱ ነው።» ቀና አለች። «የማን ነው?»

ካዪዚ ቅጠሉን ከጠረጴዛው አነሳ።

ቡቃያውን የሰጡት ካቱምባ ነበሩ። ከስምንት ወር በፊት፣ በመኪናቸው የኋላ መቀመጫ ላይ፣ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ። «ከጓሮዬ ነው። ባዶ እጅህን እንዳትገባ» ብለውት ነበር። ከጣቢያው ጋር ጥቅም ነበራቸው፤ ምርመራው ከላይ ታዞ ሲመጣባቸው ግን እምቢ ማለት አልቻሉም፤ ስለዚህ በሽታው ከገበሬው ማሳ የተነሳ እንዲመስል መርማሪውን ራሱን ተሸካሚ አደረጉት።

ስልኩ ጠራ።

«አባ ኮዳ» አለ የታወቀው ድምፅ። «የት እንዳለህ አውቃለሁ።»

«ቡቃያውን የሰጠኸኝ አንተ ነህ።» አንቱታው ከአፉ ወድቆ ነበር።

«ግማሹን መልስ። ያንተን ቀመር እኔ ነኝ ያስተማርኩህ፤ ግማሹ እጅህ ላይ ነው።»

«ካልመለስኩስ?»

«ከመለስክ የአሮጊቷ ማሳ ከካርታው ይወጣል። ቀለም ነው ያስቀባሁት፤ ቀለም ይታጠባል። የታመመችውን አንዷን ነቅላ ቀሪውን ትያዝ። ሙዙ ከሷ ዕድሜ በላይ ይቆያል። በሰላም ትሞታለች።»

«አርባ ሺሁስ?»

«አርባ ሺህ ሰው አታውቅም ልጄ። እሷን ግን ታውቃለህ።»

እውነቱን ነው። ካዪዚ መስኮቱን ተመለከተ። ሐይቁ ላይ ጀልባዎች ነበሩ። አርባ ሺህ ችግኝ ስንት ደጅ እንደሆነ ሊያስብ ሞከረ። በየደጁ አንዲት ሴት። በየሴቷ ደጅ የሆነ ሰው መንታ። ከሁሉም ፊት ለፊት ግን የሚታየው አንድ ምንጣፍ፣ አንድ ቢላዋ ነበር።

«እስከ ስንት ሰዓት ነው የምትጠብቀኝ?» አለ።

«እስከ አሥራ ሁለት።»

ስልኩን ዘጋ። ቱሙሲሜ እያየችው ነበር።

«አሁን ብትልኪው ስንት ቦታ ይደርሳል?»

«ለሦስት አገር ላቦራቶሪዎች፣ ለሚኒስቴሩ፣ ለሕዝብ መዝገቡ። አንዴ ከሄደ ማንም አይቀብረውም። ግን አራቱም አብረው ነው የሚሄዱት። ያለ ሦስቱ የጣቢያው ቅጠል ብቻውን አያሳምንም፤ ከየት ወደ የት እንደሄደ የሚያሳዩት እነሱ ናቸው። ቦታቸውም ይጻፋል። ያ ማሳ አይተርፍም።»

«አውቃለሁ።»

«ልላከው?»

ካዪዚ እጁን ወደ ቁልፉ ዘረጋ። ለሌላ ሰው የሚተው አልነበረም።

ተጫነው።

*

ዓርብ ጠዋት ጣቢያው ታሸገ። አርባ ሺሁ ችግኝ ከጥላ መረቡ ሳይወጣ ተቃጠለ። ዶክተር ካቱምባ ቁርስ ላይ ሳሉ ተያዙ፤ ሬዲዮው ስማቸውን ሁለት ጊዜ ተናገረ። «አባ ኮዳ»ን ማንም አልጠቀሰም። ከቢሮው የመጣለት መልእክት አጭር ነበር። ቅዳሜ ማታ ውጣ።

ከሠላሳ ሁለቱ ጎረቤቶች ምርመራው አሥራ ዘጠኙን ነፃ አወጣ። የጃጃን አላወጣም።

ቅዳሜ ሠራተኞቹ ሲመጡ ጃጃ በማሳው አፍ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«የባዕድ ገጀራ አይገባም» አሉ። «ልጄ አለ። ልጄ ይቁረጠው።»

ካዪዚ ገጀራውን ተቀበለ።

ከአጥሩ ጀመረ። ግንዱ ለስላሳ ነው፤ አንድ ምት ይበቃዋል። ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ እርጥብ ልብስ ወለል ላይ ሲጣል ይመስላል። ሠራተኞቹ ከኋላ ከኋላው ሥሩን እየፈነቀሉ መድኃኒት ያፈሳሉ። ጥላው ተነሳ። ስልሳ ዓመት ፀሐይ ያላየው አፈር ፀሐይ አየ። ሁለቱ መቃብሮች ራቁታቸውን ቀሩ።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ሙዝ ብቻ ቀረ። ጃጃ በምርኩዛቸው እየተደገፉ መጡና ሠራተኞቹን በእጃቸው አራቋቸው።

«የቱን ልጀምር?» አለ።

«ያንተን።»

ቆረጠው። ውስጡ ቡናማ ነበር።

«አናቱ ሲታሰር ያየሁት ከሦስት ወር በፊት ነው» አሉ ጃጃ።

ካዪዚ ከወደቀው ግንድ ላይ እንዳጎነበሰ ቀረ።

«የታመመውን ቅጠል እየቆረጥኩ እቀብረው ነበር። የተክል ጤና ሰዎች ሲመጡ ከፊቱ ምንጣፍ አሰጣለሁ።»

«ለምን አልነቀሉትም ጃጃ? ያን ጊዜ ቢነቅሉት...»

«ስጦታ ይነቀላል እንዴ? ልጇ ያመጣላትን ነቀለች ልባል? አንተስ መጥተህ ‹የት አለ?› ብትለኝ ምን እልሃለሁ?»

«ጃጃ፣ እኔ የመጣሁት...»

«በመጣህ ቀን አያትህን ጠየቅሁህ» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «የነገርከኝ ሰው የባሌ ታላቅ ወንድም ነበር። አውቀዋለሁ። ልጅ ሳይወልድ ነው የሞተው።»

ነፋስ አልነበረም። የሚያወዛውዘው ቅጠልም አልነበረም።

«ታዲያ ለምን አስገቡኝ?»

«ቤቴ ባዶ ነበር።»

ካዪዚ ተንበረከከ። በዚያ አገር ወንድ ለሴት አይንበረከክም። ጃጃ ግን አላስነሱትም።

«ስሜን ልንገርዎት» አለ። «እውነተኛውን።»

«እንዳትነግረኝ!» ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኹ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «እንዳትነግረኝ። አንዱን ልጄን በሽታ ወሰደው። ሌላውን አንተ አትውሰድብኝ።»

መንታውን በእጃቸው ነኩት። ረጅም ጊዜ። ከዚያ ፊታቸውን አዞሩ።

«ቁረጥ» አሉ።

ቆረጠ።

«ሁለት ዓመት ሙዝ አይተከልም ብለዋል» አሉ፣ ጀርባቸውን እንደሰጡ። «በሁለት ዓመት እኔም ከነሱ ጎን ነኝ። በቆሎ እዘራለሁ፤ ወፍ እንኳ ይመጣልኛል። አሁን ሂድ። በፊት ለፊት በኩል አትውጣ፤ ጎረቤት ስንሰናበት አይቶ ወዴት ነው ይላል። ገበያ ሄዷል እላቸዋለሁ።»

*

ወደ ካምፓላ የሚሄደው ታክሲ ሞልቶ ነበር። አጠገቡ የተቀመጠች ወፍራም ሴት በጭኗ ላይ ዶሮ ይዛለች።

«የሙዙን ነገር ሰማህ?» አለችው ገና ሳይነሱ። «ያ በሽታ ከውጭ ነው የመጣው አሉ። እኛን ነበር እኮ ሲወቅሱን የከረሙት!»

«ሰማሁ።»

«እግዜር ይይላቸው። ያመጣው ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል ትላለህ?»

ረዳቱ በሩን ዘጋ። ካዪዚ የእጁን መዳፍ አየ። የሙዝ ሙጫ አልለቀቀም፤ ጥቁር ሆኖ በመስመሮቹ ውስጥ ደርቋል።

«አይመስለኝም» አለ።

«ስምህን ማን ልበል?»

መልእክቱ ላይ የተጻፈለትን አዲሱን ስም ነገራት። ጎሳውን ጠየቀችው። እሱንም ነገራት፤ አያቱን ሳትጠይቀው ግን ወደ መስኮቱ ዞረ።

ካምፓላ ሲደርሱ መሽቶ መኪናውና ሰው መንገዱን አጥለቅልቆት ነበር። ሴትዮዋ ዶሮዋን አቅፋ ወርዳ፣ ልትሰናበተው ዞር አለች። እሱ ቀድሟት ወርዶ ነበር፤ ከሕዝቡ መሀል የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻለችም።